የአማቴ ጉልበትና መሐል የተቀመጠው ድንጋይ

አማቴን አልቀቀልኋቸውም። ከሁሉ በፊት ይህ ይጻፍልኝ።

በደርግ ዘመን፣ ከወረታ ገበያ እስከ ጉማራ ማዶ ድረስ፣ የክርስትና ስሜ ተረስቶ «አማቷን የቀቀለች» እየተባልሁ ኖሬአለሁ። አሁን በስተርጅናዬ እንኳ፣ ለቅሶ ቤት ጥግ ይዤ በተቀመጥሁበት፣ አንዲት ወጣት ወደ ጓደኛዋ ጠጋ ብላ «ያቺ ናት እንዴ?» ስትል ሰምቻለሁ። አዎ፣ ያቺ ነኝ። ግን አልቀቀልኋቸውም። የቀባው እጅ የእኔ ነው፤ የፈላው ውሃ የወንዛዬ ፍልውሃ ነው፤ ይህን አልክድም። በደሉ ሌላ ነው። ቅባቱን የሰጠኝ ሰው «አጠቃቀሙን ነግሬያታለሁ፣ አልሰማ ያለች እሷ ናት» ብሎ በሕዝብ ፊት ተናገረብኝ። አልነገረኝም። ሰው ባጠፋው ይጠየቅ፤ ባልተነገረው ግን እንዴት ይጠየቃል? ያን ጊዜም ያልሁት ይህንኑ ነው፤ ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው።

እኔ ብዙ የተማርሁ አይደለሁም። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት፣ ልጅ አዝዬ ነው። የምጽፈውም እንደምናገረው ነው።

አማቴ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ነበሩ። ሜዳው ማዶ ያለ በሬ ስሙን ሲጠሩት ቀና ይል ነበር። የሰሞነ ሕማማት ስግደት ላይ ወንዶቹን ያስንቃሉ። በስቅለት ዕለት የራሳቸውን ስግደት እየሰገዱ የእኛንም ይቆጣጠራሉ። «አንቺ፣ ወገብሽ ጎነበሰ እንጂ ግንባርሽ መሬት አልነካም፤ ድገሚው» ይሉኛል፣ ከኋላዬ ሆነው። እንዴት ከኋላ ሆነው ግንባሬን እንደሚያዩት እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ታዲያ በዚያ ዓመት ፋሲካ ውሎ ባደረ ማግሥት፣ ሰው ሁሉ ለሥጋው ሲነሣ እሳቸው ከመደባቸው መነሣት አቃታቸው።

«ጉልበቴ ብርድ ገብቶበታል» አሉ።

በእኛ አገር ጉልበት በራሱ አይታመምም። ብርድ ነው የሚገባበት። ፎገራ ክረምቱን ሙሉ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ነው። ሴት ጭቃ ውስጥ ስትቆም ብርዱ በተረከዟ ይገባል፤ ቀስ እያለ ይወጣና ጉልበቷ ላይ ሲደርስ ይሰፍራል። እንዲህ ነበር የምናውቀው። መድኃኒቱም ታዲያ ሙቀት ነው። የጋለ ድንጋይ በጨርቅ፣ የሞቀ ቅቤ፣ የተወቀጠ ፌጦ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወንዛዬ ወርዶ ፍልውሃው ውስጥ መዘፍዘፍ። ያቃጠለ ነገር ሁሉ ይፈውሳል፤ ይበልጥ ያቃጠለ ይበልጥ ይፈውሳል። ይህን እምነት እዚህ ላይ ያዙልኝ፤ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ነው።

በዚያ ሰሞን በአካባቢያችን አንድ ክሊኒክ ተከፍቶ ነበር። ከከተማ የተላከ ወጣት ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ነበረበት። ሕዝቡ «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱም አያርምም። በዚያ በሚያዝያ ሐሩር አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሞ ነው የሚውል። የከተማ ልብስ መሰለን። እንዲያውም አንዳንድ የኛ ጎረምሶች አይተው ፎጣ መጠምጠም ጀምረው ነበር።

አማቴ «ጉልበቴን ለወንድ ልጅ አላሳይም» ስላሉ እኔ በእሳቸው ፈንታ ሄድሁ። ወረፋው እስከ ግቢው በር ነው። ተራዬ ሲደርስ፣

«ምናቸውን ነው የሚያማቸው?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«ጉልበታቸውን።»

«የትኛውን?»

«የሚሰግዱት በሁለቱም ነው።»

ከመደርደሪያው አንድ ነጭ ቱቦ አንሥቶ ሰጠኝ። ላዩ ላይ ያለው ጽሕፈት የፈረንጅ ነው፤ እኔ የተማርሁት የእኛን ፊደል ነው።

«ይህን ቀቢያቸው» አለ። ከዚያም ከእኔ አልፎ ወደ በሩ ተመልክቶ፣ «ቀጣይ» አለ።

ያለኝ ይህ ነው። አንድም ቃል አልቀነስሁ፣ አንድም አልጨመርሁ። ይህን ቀቢያቸው። ቀጣይ።

ቤት ገብቼ ክዳኑን ስፈታው ሽታው ቤቱን ሞላው። አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ ዓይን ያስለቅሳል። አማቴ ግን ፊታቸው በራ።

«ይኸ ነገር ሰይጣንም ያስወጣል፤ ብርድ ምኑ ነው» አሉ።

እንግዲህ እኔ ማሸት የማውቀው በቅቤ ነው። ቅቤ በእፍኝ ነው የሚታሸው። ቱቦውን ጨምቄ እፍኜን ሞላሁና ከጭናቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው አጥግቤ አሸሁ። ቱቦው በአንድ ጊዜ ከሲታ ሆነ።

«አሁን ጠቅልይኝ» አሉ። «ሙቀቱ እንዳያመልጥ።»

ያረጀ ጋቢ ቀድጄ እንደ አራስ ልጅ ጥፍንግ አድርጌ ጠቀለልኋቸው። ጥቂት ቆይተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ያቃጥላል እማየ?»

«ይለበልበኛል።»

«ልፍታው?»

«ምን ነካሽ፤ እየሠራ ነው እኮ።»

እጄን አልታጠብሁም። ማን ታጠቢ አለኝ? ላሟን ለማለብ ወጣሁ። የፎገራ ላም ትዕግሥተኛ ናት፤ ጡቷን ለያዘ ሁሉ እግሯን አታነሣም። የዚያን ዕለት ግን ገና ስነካት ዞራ አየችኝ፣ ጮጮውን በእርግጫ አጥር አሻገረችልኝ። እኔም ተናድጄ ላቤን ልጠርግ እጄን ወደ ዓይኔ ሰደድሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላየሁትም። ባሌ ከእርሻ ሲመለስ ሚስቱ ደጃፍ ተቀምጣ ታለቅሳለች፣ ላሟ ከጥግ ሆና ታጓራለች፣ እናቱ እስከ ጭናቸው ተጠቅልለው ተጋድመዋል።

«ማን ሞተ?» አለ።

በማግሥቱ ጋቢውን ስፈታው የአማቴ ጉልበት በርበሬ መስሏል። እኔ ደነገጥሁ። እሳቸው አልደነገጡም።

«ብርዱ እየወጣ ነው» አሉ። «ድገሚኝ።»

ደገምኋቸው። በሦስተኛው ቀን ቆዳቸው ላይ ጥቃቅን ነገር ሽፍ አለ፤ ያሳክካቸውም ጀመር።

«እማየ፣ ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አላየሽም? መውጫ በር እየፈለገ እኮ ነው» አሉኝ፣ ብርዱን ማለታቸው ነው።

በእሑዱ ቅዳሴ ከሴቶች ወገን ማስነጠስ ተነሣ። አንዷ ጀመረች፣ ቀጥሎ ሌላዋ፤ ካህኑ ዕጣኑን ወደኛ ይዘው ቢመጡም ዕጣኑ በቅባቱ ሽታ ተሸነፈ። አማቴ ምርኩዝ ተደግፈው ቀጥ ብለው እንደ ቆሙ ነው። አጠገባቸው የነበረችው ሴት ቀስ በቀስ እየሸሸች ወንዶቹ ዘንድ ልትደርስ ምንም አልቀራት።

ሌላም ነገር ነበር። አማቴ ምሳ በበሉ ቁጥር ደረታቸውን ይዘው «በርበሬሽ አንጀቴን አቃጠለው» ይላሉ። በርበሬውን ቀነስሁ። «ወጥሽ ውሃ ውሃ ይላል» አሉ። መለስሁት። «ልትገድይኝ ነው» አሉ። ስለዚህ የሆዳቸው ቃጠሎም በእኔ ላይ ተጽፎ ነበር፤ እሱንም ያዙልኝ።

ይህን ሁሉ ችለው ሊድኑ የቀራቸው ወንዛዬ መውረድ ብቻ ነው አሉ። በበቅሎ ጫንናቸውና እኔና ባሌ በእግር ተከተልን። ከፍልውሃው ስንደርስ ባሌ ከወንዶቹ ወገን ቀረ፤ እኔና እሳቸው ከሴቶቹ መታጠቢያ ወረድን። ጭሱ ከውሃው ላይ ይነሣል። ብዙ ሴቶች እስከ አንገታቸው ገብተው ያወጋሉ።

አማቴ ልብሳቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና «የቀረውን ቀቢኝ» አሉ።

«ውሃው ራሱ ይበቃ የለም ወይ፣ እማየ?»

«አንቺ ልጅ፣ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ሲይዘው ብርዱ ወዴት ይሄዳል?»

ነገሩ ልክ መሰለኝ። የቱቦውን ቂጥ ጠቅልዬ የመጨረሻውን ጨመቅሁላቸው። ደህና አድርጌ አሸሁ። ተነሡ፤ ወደ ውሃው ገቡ፤ እስከ ጉልበታቸው ሲደርስ ቆሙ።

ከዚያ የወጣውን ድምፅ ባሌ ከማዶ ሆኖ ሰምቶ እኔ የሞትሁ መስሎት ነበር። ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ከውሃው ወጡ። አማቴ ዕድሜያቸውን ሁሉ እንደዚያ ዘለው አያውቁም። አፋፍ ላይ ስናስቀምጣቸው ጉልበታቸው ዓይናችን እያየ አበጠ፤ ውሃ የቋጠረ ነገር ጣል ጣል አለበት። ያን ጊዜ በሜዳችን ሩዝ ገና አዲስ ነበር፤ ድስት ውስጥ ሲያብጥ አይተን እንገረም ነበር። ልክ እንደዚያ ነው ያበጠው።

አንዲት አሮጊት «ከጠበል ጋራ መድኃኒት አይቀላቀልም፤ የውሃው ባለቤት ተቆጥቶ ነው» አሉ። አጠገባቸው የነበረች አንዲት ፈጣን ሴት ግን የውሃውን ባለቤት ተወችና ወደ እኔ ተመለከተች።

«ምራቲቱ ቀቀለቻቸው» አለች።

ስሙ እዚያ ወጣ። በቅሎዋ እኛን ይዛ ወረታ ከመግባቷ በፊት ስሙ ቀድሞን ገብቶ ነበር።

አማቴ በቅሎ ላይ ሆነው መንገዱን ሙሉ የሚያወሩት ከባሌ ጋራ ብቻ ነበር። እኔ ከሁሉ የፈራሁት ያንን ነው። በነጋታው ማዞርም ስለ ጨመረባቸው ከመገንጠያው ላይ የጭነት መኪና ለምነን ደብረ ታቦር ይዘናቸው ወጣን። ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለችን ነርስ ጠየም ያለች፣ ፈገግታ የማትወድ ሴት ናት። ቁስሉን አጥባ አሸገች። ከዚያ ስለ ሆዳቸው ጠየቀች።

«ሆዴን የምታቃጥለኝ ይቺ ናት» አሉ አማቴ፣ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። «በርበሬ ታበዛለች።»

«ሰገራዎ ምን ይመስላል?»

አማቴ ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርሁ።

«እንደ ከሰል ጠቁሯል» አሉ ዝግ ብለው።

«የሚውጡት ክኒን አለ?»

«የለም።»

«ምንም?»

«ምንም ስልሽ።»

ነርሷ እጇን ዘርግታ ጠበቀች። አማቴ ጥቂት ተቁነጠነጡና የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። አስፕሪን ከቋጠሮው ወጥቶ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ አንዱ አልጋ ሥር ገባ። ጨው ከሚሸጥ ነጋዴ ገበያ ላይ እየገዙ፣ ጉልበታቸው በጠዘጠዛቸው ቁጥር ይውጡ ነበር ለካ። ምሳ ሳይበሉም ጭምር። እኔ በርበሬ ስቀንስና ስጨምር!

«ምን ዓይነት ቅባት ነው የተቀቡት?» አለች ነርሷ። ባዶውን ቱቦ ከጉያዬ አውጥቼ ሰጠኋት። አሸተተችው፣ አነበበችው።

«ይህ ቅባትና ይህ ክኒን ዘመዳሞች ናቸው፣ እማማ። አንዱ በአፍ ይገባል፣ አንዱ በቆዳ ይገባል፤ ደም ውስጥ ሲደርሱ ሥራቸው አንድ ነው።»

«ዘመዳሞች ከሆኑ ምን አጣላቸው?»

«አልተጣሉም። ተባብረው ነው የመቱዎት።»

ከዚያ ለእኔ ነገረችኝ። ይህን ክፍል ሳልሸራርፍ ልጻፈው፤ ያን ሁሉ የከፈልሁት ለእሱ ነው። ቅባቱ በስሱ ነው የሚቀባው፤ ለሚያመው ቦታ ብቻ፤ ቀኑን ሙሉ እየደጋገሙ አይደለም። ከተቀቡ በኋላ በጨርቅ አይጠቀለልም፤ ጋቢም ሆነ ላስቲክ ክልክል ነው። የጋለ ድንጋይ አይያዝበትም፤ ሙቅ ውሃ አይገባበትም፤ ሙቀቱ ቆዳውን ከፍቶ መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ይለቀዋል፤ ቆዳውንም ያቃጥለዋል። የቆሰለ፣ የተላጠ ቆዳ ላይ አይደረግም። የቀባ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ ዓይኑን አይነካም። ጥቂት መለብለቡ ያለ ነው፤ ቆዳው ቀልቶ ከቆየ፣ ካሳከከ፣ ሽፍ ካለ ግን መድኃኒቱ መጣላቱ ነው፤ ወዲያው ታጥቦ ይተዋል።

«ብርዱ መውጣቱ አይደለም?» አልኋት።

«የምን ብርድ?» አለች።

ያ መልስ ከቅባቱ በላይ አቃጠለኝ። እንግዲህ ሕይወቴን ሙሉ ሳስወጣው የኖርሁት ምን ነበር?

ሆዱን የሚያቃጥለው ሰው፣ ሰገራው የጠቆረበት ሰው፣ ቅባቱንም ክኒኑንም ትቶ ወደ ሐኪም ይሂድ አለች። ክኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ቅባቱን ሲቀበል ይናገር፤ የሚሰጠውም ይጠይቅ። ይህን ብላ ስታበቃ ዓይኔን አየችኝ።

«ይህን ሁሉ ሲሰጡሽ አልነገሩሽም?»

«የተነገረኝ ‹ቀጣይ› የሚል ነው» አልኋት።

አማቴ አልጋው ላይ ሆነው ሰምተዋል። ሰምተዋል፤ ግን አላመኑም። የሰጠኝ ዶክተር እኮ ነው፤ ሳይነግር ይሰጣል? ደግሞም እኛ ደብረ ታቦር ሳለን ድሬሰሩ ወሬው ደርሶት ኖሮ፣ «አጠቃቀሙን አንድ በአንድ ነግሬያታለሁ፤ አልሰማችም» ብሎ በክሊኒኩ ደጃፍ ተናግሮ ነበር። ስንመለስ ወረታ ላይ ከመኪናው እንደወረድን ሰው ሁሉ ይህን ነገራቸው። አማቴ በቀጥታ ወደ ሴት ልጃቸው ቤት ሄዱ። ከዚያም ሽማግሌ ላኩብኝ። ድንጋይ ተሸክሜ፣ በሕዝብ ፊት እግራቸው ሥር ወድቄ ይቅርታ ካልጠየቅሁ የእኔን ደፍ እንደማይረግጡ ነገሩኝ።

ባሌም እናቱን ሊጠይቅ እየሄደ እዚያው ይበላ ጀመር። ከዚያ እዚያው ያድር ጀመር።

«ምን አለበት፣ ተሸከሚውና ይለቅ» አለኝ አንድ ቀን፣ ለበሬዎቹ ቀንበር ሊወስድ መጥቶ።

«ነግሮኝ ከሆነ እሸከማለሁ።»

«ባይነግርሽስ?»

«የሰው ድንጋይ አልሸከምም።»

«እኔ እኮ ቤቴ ናፈቀኝ።»

«ቤትህ እዚሁ ነው፤ አልተነሣም።»

ቀንበሩን ይዞ ሄደ። ያን ቀን ገባኝ፤ ይህ ነገር ካልተፈታ ቤቴ ይፈርሳል። ነጠላዬን አደግድጌ ክሊኒክ ወረድሁ። እንደ በሽተኛ ወረፋ ያዝሁ። ተራዬ ሲደርስ፣

«ነግረኸኛል ወይስ አልነገርኸኝም?» አልሁት።

«ነግሬሻለሁ።»

«ምን ብለህ?»

ፎጣውን ጠበቅ አደረገ። «እንደሚነገረው» አለ። «ቀጣይ።»

ወጣሁና እንደገና ከወረፋው መጨረሻ ቆምሁ። ተራዬ ሲደርስ ያንኑ ጠየቅሁት፤ ያንኑ መለሰልኝ። በሌላም ቀን ሄድሁ። ክሊኒኩ በተከፈተ ቁጥር እዚያ ነኝ። ሕመምተኞቹ ጥያቄዬን በቃላቸው ያዙት። አንድ ሽማግሌ ከእኔ ቀድመው ገብተው «ነግረሃታል ወይስ አልነገርሃትም? እሱን ከመለስህ በኋላ ሳሌን አድምጥልኝ» ሲሉት በጆሮዬ ሰማሁ።

በመጨረሻ ሰልችቶት ይሁን ፈርቶ ለቀበሌው ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ከሰሰኝ። የመንግሥት ሥራ ታውካለች አለ። ደስ አለኝ። እኔስ የምፈልገው ሸንጎ አልነበረም?

ሸንጎው የሚቀመጠው ከዋርካው ሥር ነው። አማቴ ከልጃቸው ቤት በምርኩዝ መጡ፤ ከፊት ተቀመጡ። የንስሐ አባታችን ከሽማግሌዎቹ ጋራ አሉ። ድሬሰሩ ፎጣውን ጠምጥሞ ቆሟል። ባሌ ከሁላችንም እኩል ርቆ ተቀመጠ። እኔ ድንጋዬን ይዤ መጣሁ። ከወንዝ ዳር ያገኘሁትን አይደለም፤ ከወፍጮዬ ላይ መጄን አንሥቼ ነው፤ ለእሳቸው ሽሮ የምፈጭበትን። ትንሽ ድንጋይ አምጥታ አታለለች እንዳልባል። ከመሐል አስቀመጥሁት።

«ጓድ ሊቀመንበር» አልሁ፣ «አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ይህ ሰው ነግሬያታለሁ ብሎ በመስቀል ይማል። ከማለ መጁን ተሸክሜ እማየ እግር ሥር እወድቃለሁ። ካልማለ ግን ድንጋዩ የእኔ አይደለም።»

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «በአብዮታዊ ሸንጎ ፊት በመስቀል አይማልም» አለ። የንስሐ አባታችን በካባቸው ውስጥ የገባውን እጃቸውን ባለበት አቆሙት። ሊቀመንበሩ ወደ እሳቸው አየ፤ ወደ ሕዝቡ አየ፤ ከዚያ ወደ ሰማይ አየ።

«በቅሎዬ ሳትፈታ አልቀረችም» አለና ተነሥቶ ከዋርካው ግንድ ጀርባ ሄደ። በቅሎዋ ፊት ለፊታችን ታስራ ሣር ትበላ ነበር።

መስቀሉ ወጣ። ድሬሰሩ አየው። ከተማ ያደገ ነው፤ ግን መስቀል መፍራት ያስተማረችው እናት አለችው መሰለኝ።

«እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። አልምልም» አለ።

«አታስገድዱት» አሉ የንስሐ አባታችን፣ ረጋ ብለው። «የማይምል ሰው ድንጋዩን ከመሐል ያነሣልን። መንገድ ዘግቷል።»

ድሬሰሩ ቶሎ ልገላገል ብሎ ይሁን አላውቅም፣ ጎንበስ አለና መጄን አነሣ። ከባድ ነው። ወደ ትከሻው ሲያወጣው ፎጣው ተንሸራቶ ወደቀ። ድንጋዩ ማጅራቱን ሲነካው «እስ» ብሎ ወዲያው ለቀቀው፤ እግሩን ለጥቂት ሳተው።

አማቴ ከሁሉ ቀርበው ተቀምጠው ነበር። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። ወደ ማጅራቱ ጎንበስ ብለው አዩ። ቆዳው እስከ ትከሻው ጠቁሯል፤ ዳር ዳሩ ተልጦ ገና ቀይ ነው።

«ይኸማ የእኔ ጉልበት ነው» አሉ።

 የሊቀመንበሩ ራስ ከዋርካው ጀርባ ብቅ አለ።

«ምን ነክቶህ ነው፣ አንተ ልጅ?»

«አንገቴ ደርቆብኝ ነበር፣ እማማ።»

«ያንን ቅባት ተቀባህበት?»

«ተቀባሁበት።»

«መጀመሪያ ቀላ?»

«ቀላ።»

«ከዚያ ሽፍ አለ?»

«አዎ።»

«በምን ጠቀለልኸው?»

ወደ መሬት አየ። «በላስቲክ» አለ።

 አማቴ ምርኩዛቸውን አነሡና ወደ እኔ አመለከቱ። በቀጥታ ግን እኔን አላዩኝም፤ እሱን ነው የሚያዩት።

«እንግዲህ ንገረኝ» አሉት። «ለዚህች ለምራቴ፣ ነግረሃታል ወይስ አልነገርሃትም?»

«አልነገርኋትም» አለ። «ምን ብዬ ልንገራት፣ እማማ? እኔም ብርዱ የሚወጣ መስሎኝ ነበር።»